አዲስ የመተንፈሻ ቫይረስ ሲነሳ ለሕክምና ተማሪዎች ከየት እንጀምር?

ጥያቄው፦ «ጎንደር ውስጥ የሕክምና ተማሪዎችን የማስተምር ወጣት መምህር ነኝ። ትምህርት ክፍላችን ‹አዲስ የመተንፈሻ ቫይረስ ቢነሳ ወዲያው ለሲ-ዋን (ሆስፒታል ውስጥ መለማመድ ለጀመሩ የመጀመሪያ ክሊኒካል ዓመት) ተማሪዎች የሚሰጥ የሁለት ሰዓት ትምህርት አዘጋጅ› ብሎኛል። ከቫይረሱ ቅርጽ ጀምሬ እስከ ሕክምናው ሰማንያ ስላይድ ሠርቻለሁ። ግን ግራ የገባኝ ነገር አለ። አንዳንድ ባልደረቦቼ መረጃው እስኪጠራ መጠበቅ ይሻላል ይላሉ። ሌሎቹ ተማሪ በሽታን የሚማረው ከታማሚው ስለሆነ ለይቶ ማከሚያው ውስጥ አስገብተን እናሳያቸው ይላሉ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በሚታከምበት ሆስፒታል ስለሚማሩ ጥንቃቄውን ያውቁታል የሚሉም አሉ። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

ከስላይዶቹ ልጀምር። ሰማንያ ይበዛል፤ አሥራ አምስት ይበቃሃል። ሲ-ዋን የደረሰ ልጅ ማይክሮባዮሎጂን ጨርሶ ነው የመጣው። ኮሮናቫይረስና ኢንፍሉዌንዛ ምን እንደሚመስሉ አጥንቶ ተፈትኖበታል። ያልተማረው ሌላ ነው። ነገ ጠዋት ዋርድ (የታካሚዎች መኝታ ክፍል) ሲገባ ሦስተኛው አልጋ ላይ ያለው ታካሚ እየደጋገመ ቢያስል የት ይቁም? ምን ብሎ ይጠይቅ? ሥራውን አቁሞ ከክፍሉ የሚወጣው መቼ ነው? ሁለቱን ሰዓት ለዚህ አውለው።

ባዮሎጂው ይቅር እያልኩ አይደለም። አልጋው አጠገብ የምንሠራውን የሚቀይረውን ብቻ ምረጥ ነው የምልህ። አንደኛ፣ ቫይረሱ የስብ ሽፋን አለው ወይ? ካለው ሳሙናም አልኮልም በቀላሉ ያፈርሱታል። እንደ አዴኖቫይረስ ሽፋን የሌለው ከሆነ ግን አልኮል ላይ ብዙ መተማመን አይቻልም፤ በውሃና በሳሙና መታጠቡ ይቀድማል። ሁለተኛ፣ በብዛት የሚራባው የመተንፈሻ አካሉ የቱ ጋ ነው? መርስ የሚባለው ኮሮናቫይረስ በዋናነት ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚራባ ስለሆነ ከአፍንጫና ከጉሮሮ የተወሰደ ናሙና ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ይህን ያልተረዳ ተማሪ «ኔጌቲቭ» የሚል ወረቀት ሲያይ ማስኩን አውልቆ ኪሱ ይከታል።

ሦስተኛው ላይ ግን ጊዜ ውሰድ። ታማሚው ቫይረሱን አብዝቶ የሚያስተላልፈው መቼ ነው? ሳርስ የሚባለው የሳንባ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ደቡብ ቻይና፣ ጓንግዶንግ ውስጥ ተነሳ። በ2003 እስኪገታ ድረስ 8,096 ሰዎችን አሞ 774ቱን ገድሏል። በሳርስ የቫይረሱ መጠን ጣሪያ የሚደርሰው ሕመሙ ከጀመረ ከሳምንት በኋላ ነበር። ያኔ ሰውየው ቤቱ የለም፤ ሆስፒታል ተኝቷል። ለዚህ ነው ከታመሙት አምስት ሰዎች አንዱ የጤና ባለሙያ የሆነው። በሽታው የተገታውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የታመመውን ቶሎ ከለዩት ብዙ ሳያስተላልፍ ይደርሱበታል። ኮቪድ-19 ግን ምልክት ከመታየቱ አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ይተላለፋል፤ በር ላይ ትኩሳት መለካት ያላስቆመው ለዚህ ነው። ሁለቱ ቫይረሶች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። የጥቂት ቀናት ልዩነት አንዱን በስምንት ሺህ ሰው አስቆመው፣ ሌላው ግን ዓለምን አዳረሰ። ተማሪዎቹን ሁለት ቦታ ክፈልና አንደኛው ቡድን «አዲሱ ቫይረስ እንደ ሳርስ ቢሆን ሆስፒታላችን የት ላይ ይጠንቀቅ?»፣ ሌላው «እንደ ኮቪድ ቢሆንስ?» የሚለውን ይሥራ። አሥር ደቂቃ ክርክር ከሃያ ስላይድ ይሻላቸዋል።

መረጃው እስኪጠራ እንጠብቅ የሚለውን አልቀበለውም። ዉሃን ውስጥ ምንጩ ያልታወቀ የሳንባ ምች መኖሩ ለዓለም ጤና ድርጅት የተነገረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2019 ነው። የቫይረሱ የዘር ቅደም ተከተል በጃንዋሪ 2020 ገና ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ ይፋ ሆነ። እኛ አገር የመጀመሪያው ታማሚ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት ደግሞ በሦስተኛው ቀን። ከመጀመሪያው ወሬ እስከ መጀመሪያው ታማሚያችን ከአሥር ሳምንት ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ብቻ ነበር። በእነዚያ አሥር ሳምንታት ያልተማረ ተማሪ የሚማረው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሳይጠራም አስተምር፣ ግን እያንዳንዱ ስላይድ ላይ ቀን ጻፍበት። የገጹ ጥግ ላይ ሳይሆን ከርዕሱ ሥር፣ በትልቁ። ከዚያ ያለህን መረጃ «እናውቃለን»፣ «እንገምታለን»፣ «አናውቅም» ብለህ ለይ። ይህን የምልህ ለይስሙላ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በማርች 2020 መጨረሻ ኮቪድ በአየር ላይ ተንሳፍፎ አይተላለፍም ብሎ በይፋ ጽፎ ነበር፤ በኋላ አቋሙን ቀየረ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባለው መድኃኒት በየአገሩ ሲታዘዝ ከረመ፤ በጁን 2020 የእንግሊዙ ሪከቨሪ ጥናት ሆስፒታል ለተኙት ታማሚዎች እንደማይጠቅም አሳየ። በዚያው ወር ያው ጥናት ርካሹ ዴክሳሜታዞን በቬንቲሌተር ላይ ካሉት መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ፣ ኦክስጅን ከሚወስዱት ደግሞ በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ፣ ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን እንደማይጠቅም አረጋገጠ። የመጀመሪያውን ወር ንግግር እንደ ሃይማኖት የያዘ ተማሪ በስድስተኛው ወር ታካሚ ይጎዳል።

ቁጥር ማንበብም አለማምዳቸው። ሰሌዳው ላይ ይህን ጻፍ፦ 100 ታማሚ ተመዝግቧል፣ 4 ሞተዋል፣ 36 ድነው ወጥተዋል፣ 60 ገና ተኝተዋል። ገዳይነቱ ስንት ነው? አብዛኛው ልጅ ዓይኑን ሳያሽ 4 በመቶ ይልሃል። ውጤታቸው ከታወቀው 40 ሰዎች አንጻር ካሰላኸው ግን 10 በመቶ ነው። የተኙት 60ዎቹ የት እንደሚደርሱ ገና አልታወቀም። በሳርስ ጊዜ የሆነው ይኸው ነው፤ መጀመሪያ 4 በመቶ ገደማ ሲባል የነበረው ግምት በሜይ 2003 ወደ 14 እና 15 በመቶ ከፍ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2009ኙ የኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። መጀመሪያ የተቆጠሩት ሆስፒታል የገቡት ከባድ ታማሚዎች ስለነበሩ አስፈሪ መሰለ፤ ቤታቸው ሆነው የዳኑት ሲቆጠሩ በጣም ወረደ። ይህን የገባው ተማሪ ፌስቡክ ላይ በሚያየው መቶኛ አይደነግጥም፣ አይዘናጋምም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ተማሪዎቹን ለይቶ ማከሚያ አስገብተን እናሳያቸው የሚለውን አታድርገው። ዳር ዳር አልልም። ምክንያቱን ደግሞ ለተማሪዎቹም ንገራቸው፣ ምክንያቱም የሆነው በእነሱ ቢጤዎች ላይ ነው።

ማርች 2003፣ ሆንግ ኮንግ፣ ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ ሆስፒታል። አንድ ወጣት በሳንባ ምች ምክንያት ተራ የሜዲካል ዋርድ ተኝቷል። ሳርስ እንደያዘው ማንም አልጠረጠረም። የሕክምና ተማሪዎች እንደተለመደው ለልምምድ ይመጣሉ፣ የሕመሙን ታሪክ እየጠየቁ ሂስትሪ ይወስዳሉ፣ ደረቱን ያዳምጣሉ፣ ይሄዳሉ። በኋላ ሲጣራ ያንን ዋርድ ከጎበኙት 66 ተማሪዎች 16ቱ በሳርስ ታመዋል። ታማሚው ወዳለበት ክፍልፋይ በእርግጠኝነት የገቡት ካልገቡት በሰባት እጥፍ ገደማ የበለጠ ታመዋል። የተማሪዎቹ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ሰባት የሚለውን እንደ ትክክለኛ ልክ አትውሰደው፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ቁጥር ነው። እዚያው ክፍልፋይ ውስጥ ሆነው ከታማሚው ከአንድ ሜትር በላይ ርቀው ከነበሩት ስምንት ተማሪዎች አራቱ ታመዋል። አንድ ሜትር የሚባለው ርቀት መከላከያ ግድግዳ አይደለም። ለዚያ ታማሚ በኔቡላይዘር (መድኃኒትን ወደ ጉም ቀይሮ በሚያስተነፍስ መሣሪያ) መድኃኒት ይሰጠው ነበር፤ ይህም ቫይረሱን በአየር ላይ ሳይበትነው አልቀረም የሚል ጥርጣሬ አለ።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣውን ልብ በል። ልጆቹን ያሳመማቸው ለይቶ ማከሚያ ውስጥ ያለ፣ በር ላይ ምልክት የተለጠፈበት ታማሚ አልነበረም። ማንም ያልጠረጠረው የተራ ዋርድ ታማሚ ነው። ስለዚህ ለይቶ ማከሚያውን ብቻ መከልከል ግማሽ ሥራ ነው። የኛን የሜዲካል ዋርድ አስበው። አልጋ በአልጋ ተጠጋግቶ ተደርድሯል፣ በየአልጋው አንድም ሁለትም አስታማሚ አለ፣ የራውንድ ሰዓት ሲደርስ ሲኒየሩ፣ ሪዚደንቱ (ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም)፣ ኢንተርኑ (የመጨረሻ ዓመት ተለማማጁ)፣ ነርሷና ተማሪው ሁሉ አንድ አልጋ ይከባል። ከኋላ የቆመው ልጅ ስለማይሰማው እየተገፋ ይጠጋል። አዲስ ቫይረስ አለ በሚባልበት ወቅት ይህ መቀየር አለበት። ውይይቱ ውጭ፣ ኮሪደር ላይ ወይም ግቢው ውስጥ ይሁን፤ አልጋው ጋ የሚገቡት ሦስት ሰዎች ይበቃሉ። የሚያስል ሁሉ፣ ምክንያቱ ቢታወቅም ባይታወቅም፣ ሰርጂካል ማስክ ይደረግለት። ኔቡላይዘር ክፍት ዋርድ ውስጥ ይቅር። ፓፍ (በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት) ካለ ከ500 ሚሊ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ሥሩን ቀዶ ለፓፉ አፍ ልክ በመክፈት ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ መያዣ) መሥራት ይቻላል። በትክክል ከተሠራ መድኃኒቱን በደንብ ያደርሳል፣ እንፋሎትም አይበትንም። ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሥሩት።

ወደ ቲቢው ልምጣ። ልጆቹ ኤን-95 የሚባለውን አየር አጣሪ ማስክ ማወቃቸው ጥሩ ነው፣ ግን የማይገባ መተማመንም ያመጣል። ቲቢ በእጅ አይተላለፍም፣ በዓይንም አይገባም። ብዙ የመተንፈሻ ቫይረሶች ግን ቫይረሱ ባለበት እጅ ዓይንን ወይም አፍንጫን በማሸት ሊገቡ ይችላሉ፤ ስለዚህ የዓይን መከላከያውና እጅ ማጽዳቱ ከማስኩ እኩል ናቸው። ለቲቢ መድኃኒት አለን፣ ለአዲስ ቫይረስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለን ኦክስጅንና ጥሩ እንክብካቤ ነው።

የማስኩን አደራረግ ደግሞ በአፍ አትንገራቸው፣ አሠራቸው። አንዱን አስነሣና ኤን-95 ያድርግ። ሁለት መዳፉን ማስኩ ላይ አድርጎ በኃይል ይተንፍስ። አየሩ በአፍንጫው ጎን ሾልኮ መነጽሩን ጉም ካለበሰው አልገጠመም ማለት ነው። ቀጭኗን ብረት በሁለት እጁ ጣቶች አፍንጫው ላይ ጫን ጫን አድርጎ ይድገመው። ጺም ያለውን ልጅም አሳያቸው። ጺሙ መሃል አየር ይገባል፤ ማስኩ ፊት ላይ አለ፣ መከላከያው የለም። ከዚያ ማውለቅ። ሰው ራሱን በብዛት የሚበክለው ሲያወልቅ ነው። ጓንት የለበሰ ተማሪ እጁን የምግብ ቀለም ውስጥ ነክሮ ሁሉንም ያውልቅ፦ መጀመሪያ ጓንቱን፣ ከዚያ ጋውኑን ወደ ውስጥ እየጠቀለለ፣ እጁን አጽድቶ መነጽሩን ከኋላ ይዞ፣ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ማስኩን በማሰሪያው ብቻ፣ በመጨረሻ እንደገና እጁን። ሲጨርስ ቀለሙ አንገቱ ላይ፣ እጅጌው ላይ ወይም ጆሮው ሥር ይገኛል። አንድ ጊዜ ያየ ልጅ አይረሳውም።

ከቲቢ በቀጥታ የሚወረሰው መስኮት ነው። መስኮት መክፈት ገንዘብ አያስወጣም፣ ቲቢንም አዲሱን ቫይረስም ይቀንሳል። ችግሩ ጎንደር ክረምት ላይ ይበርዳል፣ አስታማሚዎች ደግሞ «ንፋስ ይመታዋል» ብለው ይዘጉታል። ተማሪው ዘሎ ሄዶ መስኮቱን ቢከፍተው ዞር ሲል ይዘጋል። በአክብሮት ይንገራቸው፦ «እናቴ፣ አየሩ ካልወጣ በሽታው እርስዎንም ሊይዝዎት ይችላል። ልጅዎን በጋቢ ደህና አድርገን እንሸፍነውና መስኮቱን ልክፈተው፣ ይፈቅዱልኛል?» ይህንን ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ይለማመዱ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ከአስታማሚ ጋር መነጋገር የማይችል ሐኪም ኢንፌክሽን አይከላከልም።

ስለ ኦክስጅን መለኪያውም አንድ ነገር ልጨምር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጤነኛ ሰው ልኬት እዚህ ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ተማሪዎቹ መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ይለካኩና የከተማቸውን ጤነኛ ቁጥር ይወቁ። በኮቪድ ብዙ ታማሚዎች ኦክስጅናቸው ወርዶ እያለ ደህና ነኝ እያሉ ያወሩ ነበር፤ ስለዚህ ማውራቱን አይቶ ማለፍ አይቻልም። መሣሪያው ደግሞ በጥቁር ቆዳ ላይ ያለውን ኦክስጅን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል በጥናት ታይቷል። ጥፍር ላይ ቀለም ካለ ሌላ ጣት ይፈለግ። ቁጥሩ ደህና ሆኖ የአተነፋፈሱ ፍጥነት ከጨመረ ፍጥነቱን እመኑ በላቸው።

እስካሁን ተማሪውን ከአደጋ ስለማራቅ ነው ያወራሁት። ግን ተማሪ ሸክም ብቻ አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ ረጅም ሂስትሪ የሚወስደው እሱ ነው። ሪዚደንቱ ጊዜ የለውም። ተማሪው ቁጭ ብሎ ከትውልድ ቦታ ጀምሮ ይጠይቃል። ስለዚህ ሁሉም ያለፈውን ነገር መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከመካከለኛው ምሥራቅ የተመለሰ አንድ ሰው መርስ ይዞ ደቡብ ኮሪያ ገባ። ሕመሙ እስኪታወቅ ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው ሲዘዋወር ሰንበተ። መጨረሻ ላይ 186 ሰዎች ተይዘው 38ቱ ሞቱ። ስለ ጉዞው ቀድሞ ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ ጮክ ብሎ የሚናገር አንድ ሰው ብዙ ነገር ይቀይር ነበር።

ጥያቄዎቹን የጎንደር አድርጋቸው። «ሰሞኑን ከመተማ በኩል የመጣ ሰው ቤታችሁ አርፏል?» «ከውጭ አገር በአዘዞ የገባ ዘመድ አለ?» «ለጥምቀት የመጣ እንግዳ ታሞ ነበር?» «ከግመል፣ ከዶሮ ወይም ከሞተ እንስሳ ጋር ሥራ አለዎት?» መርስ ወደ ሰው የሚመጣው ከግመል ነው፤ በአገራችን ግመሎች ላይም የቫይረሱ አንቲቦዲ ተገኝቷል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ «ከቤተሰብ ወይም ከሥራ ቦታ እንደ እርስዎ የታመመ አለ?» ያስታመመ ነርስ ወይም ሐኪም በተመሳሳይ ነገር ከታመመ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ደወሉ እሱ ነው። መልሱ ካስደነገጠው ተማሪው ደረቱን ላዳምጥ ብሎ አይጠጋ። ለታማሚው ማስክ ይስጥ፣ ይውጣ፣ እጁን ያጽዳ፣ ለሪዚደንቱ ይንገር። ሪዚደንቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ወደ ሆስፒታሉ የኢንፌክሽን መከላከልና የቅኝት ክፍል ይሂድ። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመር 8335 መሆኑንም ይወቅ። ተማሪ ሲኒየሩን አልፎ መናገር እንደሚከብደው አውቃለሁ። ስለዚህ ሲኒየሮቹ ራሳቸው ክፍል መጥተው «በዚህ ጉዳይ አልፋችሁን ሂዱ» ይበሉ። ካንተ አፍ ሲወጣና ከእነሱ አፍ ሲወጣ እኩል አይደለም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ሲ-ዋን እና ሲ-ቱ ተማሪዎች የተጠረጠረ ወይም የተረጋገጠ ታማሚ ያለበት ክፍል አይግቡ፣ ፈቃደኛ ነን ቢሉም። መከላከያ ልብሱ ለሚያክመው ሰው እንኳን በማይበቃበት ጊዜ ለመመልከት የሚገባ ሰው ማልበስ ተገቢ አይደለም። ኢንተርኖች ሥራ ላይ ስለሆኑ ጉዳያቸው ይለያል። እነሱም ግን ማድረግና ማውለቅን በተግባር ሳይፈተኑ አይግቡ፣ ማስክና ጓንት ሳይሰጣቸው ግቡ የሚላቸው ሰው ካለም እምቢ የማለት መብት እንዳላቸው በጽሑፍ ይሰጣቸው።

ይህ ዋጋ አለው፤ አልክድህም። አልጋ አጠገብ የሚገኘውን በቪዲዮ ሙሉ በሙሉ መተካት አይቻልም። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በማርች 2020 ተማሪዎች ከታማሚ ጋር የሚያገናኛቸውን ልምምድ ለጊዜው እንዲያቆሙ መክሮ ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተማሪውን ጨርሶ ከሥራው ማውጣት ግን አይመስለኝም። በተለይ ጎንደር። ይህ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ ገና ብዙም አልቆየም ነበር። ጤና መኮንኑ፣ ነርሱና የአካባቢ ጤና ባለሙያው አንድ ላይ ቆላ ድባን በመሰሉ ጤና ጣቢያዎች ወርደው ነው የተማሩት፤ ቲቲፒ የሚባለው የቡድን ሥልጠና ዛሬም ያንን ይዟል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ንክኪ ያላቸውን ሰዎች በስልክ ይከታተሉ፣ በየቀኑ ምልክት ይጠይቁ፣ መዝገብ ያደራጁ፣ ከቤት ሆነው የሚታከሙትን ይደውሉላቸው። መቼ ወደ ሆስፒታል መምጣት እንዳለበት ለአንድ የታመመ ሰው በስልክ በትክክል መንገር ራሱ ትልቅ ክሊኒካል ችሎታ ነው።

ብዙ መምህራን የሚዘሉት ዶርሙን ነው። ልጆቹ ቀን ዋርድ ውለው ማታ አንድ ክፍል ውስጥ ለብዙ ሆነው ይተኛሉ፣ ካፌ ተሰልፈው ይበላሉ። አንድ ተማሪ ቢታመም ወደ ዋርዱ ተመልሶ የሚወስደው ለስኳር ታማሚውና ለልብ ታማሚው ነው። ትኩሳት ያለው ልጅ ደግሞ ይደብቃል። ለምን? አቴንዳንስ ይቆረጥብኛል፣ አታችመንቱን (የዋርድ ልምምዱን) ድገም እባላለሁ ብሎ ነው። በዚህ አልፈርድበትም። ትምህርቱን ከመስጠትህ በፊት ከዲኑ ቢሮ አንድ ደብዳቤ አውጣ፦ የታመመ ተማሪ በቀሪነት አይቀጣም፣ ያመለጠው ይካካስለታል፣ የሚለይበት ክፍልና ምግብ የሚያመጣለት ሰው ተዘጋጅቷል የሚል። ደብዳቤው ከሌለ «ከታመማችሁ ንገሩን» ማለት ባዶ ቃል ነው።

ሌላው፣ እነዚህ ልጆች ለቤተሰባቸው ከአሁኑ ዶክተር ናቸው። ስልኩ መጮህ ይጀምራል። በ2012 ዓ.ም. ነጭ ሽንኩርቱም፣ ዝንጅብሉም፣ ፌጦውም መድኃኒት ተብሎ ነበር። አያቶቻችን የ1911ዱን የኅዳር በሽታ ያስታውሱ ስለነበር ኅዳር 12 ቆሻሻ ማቃጠሉ እስከዛሬ አለ፤ ጭስ ግን ለታመመ ሳንባ ይብስበታል እንጂ አይጠቅመውም። ተማሪዎቹ በእናታቸው አይሳቁ፣ አይቆጧቸውም። «ዝንጅብሉን ይጠጡ፣ ግን ትንፋሽ ካጠረዎት ቤት አይቆዩ» ይበሏቸው። ጸበል የሚሄዱ የራሳቸውን መጠጫ ይዘው፣ ከሰው ራቅ ብለው፣ የሐኪም መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይሂዱ። ይህን ያህል ቢሉ ይሰማሉ።

ሁለቱን ሰዓት እንዲህ ብትከፍለው ይመቻል። ባዮሎጂውና የሳርስና የኮቪድ ክርክሩ ግማሽ ሰዓት፣ የቁጥሩ ሥራ ሩብ ሰዓት፣ የሆንግ ኮንጉ ታሪክና የሂስትሪ ጥያቄዎቹ ግማሽ ሰዓት፣ ቀሪው በሙሉ ማስክ፣ ጋውን፣ መስኮትና ስፔሰር። ክፍሉ ሰፊና መስኮቱ የሚከፈት ይሁን። ከሠላሳ ተማሪ በላይ አንድ ላይ አታስገባ፤ ሁለት ጊዜ ብታስተምር ይሻላል። ለሴቶቹም ለወንዶቹም የሚሆን የተለያየ ልክ ያለው ማስክ ቀድመህ ፈልግ። ከዚያ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ሃያ ደቂቃ ያዝላቸው። «እናውቃለን» ውስጥ የነበረው የትኛው ወደቀ፣ «እንገምታለን» ውስጥ የነበረው የትኛው ተረጋገጠ የሚለውን ብቻ ተነጋገሩ፣ በስላይዱ ላይ ያለውን ቀን ቀይርና ለሚቀጥለው ሳምንት ተረኛ ተማሪ መድብ።